የተወሳሰበ ኮድ እንዴት ይለካል? እንዴትስ ይቀላል? ደረጃ በደረጃ

"ኮዱ ይሠራል፤ ግን ከወር በኋላ ስከፍተው ለራሴም አይገባኝም። ከየት ልጀምር?" ይህ ጥያቄ ከባሕር ዳር ፖሊ ተማሪዎች ይመጣልኛል። ከደብረ ማርቆስም ይመጣል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ለሱቅና ለማኅበር ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆችም ይጠይቁኛል። በቴሌግራም ቆራርጬ ከምመልስ ሙሉውን በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ምሳሌዎቹ ፓይተን ናቸው። ቁልፍ ቃላቱንና ትእዛዞቹን በስልክ እንደምናነባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። "ኢፍ"፣ "ሪተርን"፣ "ፒፕ ኢንስቶል" ስል እናንተ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትጽፏቸዋላችሁ። የተለዋዋጮቹ ስም ግን በአማርኛ ቢሆንም ፓይተን 3 ይቀበለዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓይተን 3 የተጫነበት ላፕቶፕ። ኮዳችሁ በፒኤችፒ ወይም በጃቫ ቢሆንም ያስፈልጋችኋል፤ ሊዛርድ ራሱ የሚሠራው በፓይተን ነው።
- ጊት፦ የኮዱን ለውጦች ለመመዝገብና ሲያስፈልግ ወደ ቀድሞው ለመመለስ።
- ራዶን፦ የፓይተን ኮድ ለመለካት።
- ሊዛርድ፦ ፒኤችፒ፣ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ለመለካት።
- ኮምፕሌክሲፒ፦ ኮዱ ለአንባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመለካት (ለፓይተን)።
- ፓይቴስት፦ ስታቀሉ ምንም እንዳልተበላሸ ለማረጋገጥ።
- ፕሮግራሙ የሚሠራለትን ሥራ በደንብ የሚያውቅ ሰው። መጋዘን ከሆነ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሱቅ ከሆነ ባለሱቁ። ይህን ሰው የሚዘሉት ብዙ ናቸው። እናንተ አትዝለሉት።

አራቱም በአንድ ትእዛዝ ይጫናሉ፦ "ፒፕ ኢንስቶል ራዶን ሊዛርድ ኮምፕሌክሲፒ ፓይቴስት"። ኔትወርክ የማያስተማምንበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ በ"ኢንስቶል" ፋንታ "ፒፕ ዳውንሎድ" በሉ። ፋይሎቹን ከነተጓዳኞቻቸው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል፤ በፍላሽ ትወስዷቸዋላችሁ። የምታወርዱበት ኮምፒውተርና የምትጭኑበት ኮምፒውተር ግን አንድ ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተምና አንድ ዓይነት የፓይተን ቁጥር ይኑራቸው። ካልሆነ ኮምፕሌክሲፒ አልጫንም ይላችኋል።

ደረጃ 1፦ ኮዱን እንዳለ ኮሚት አድርጉ

ምንም ሳትነኩ ያለውን ኮሚት አድርጉ፤ ማለትም ኮዱን አሁን ባለበት ሁኔታ ጊት ላይ መዝግቡ። ከዚያ አዲስ ብራንች (ዋናውን ሳትነኩ የምትሠሩበት ቅርንጫፍ) ክፈቱ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ የምትመለሱበት ቦታ ይኖራችኋል። ሁለተኛ፣ በኋላ ልዩነቱን ስታዩ የምታገኙት የማቅለሉን ለውጥ ብቻ ይሆናል፤ ከአዲስ ሥራ ጋር አይደባለቅባችሁም። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በየትንሹ ኮሚት ማድረግ ልመዱ፤ መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም።

ደረጃ 2፦ አንዱን ፋንክሽን በእጃችሁ ቁጠሩ

መሣሪያው ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ እንዴት እንደምትቀንሱትም አታውቁም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በእጅ እንቁጠር።

ቢቸና አካባቢ ጤፍ ለሚረከብ ማኅበር የተጻፈ ፕሮግራም አለ እንበል። ገበሬው ጤፉን ያመጣል፤ በኩንታል ይመዘናል። እንደ ዓይነቱ ዋጋ ይወጣለታል። አባል ከሆነና የማዳበሪያ ብድር ካለበት ከክፍያው ላይ ይቀነሳል። ኮዱ ይህን ይመስላል፦

```
ዴፍ ክፍያ_አስላ(ጭነት):
    ኢፍ ጭነት:
        ኢፍ ጭነት.ክብደት > 0:
            ኢፍ ጭነት.ዓይነት == "ማኛ":
                ዋጋ = የማኛ_ዋጋ
            ኤሊፍ ጭነት.ዓይነት == "ነጭ":
                ዋጋ = የነጭ_ዋጋ
            ኤሊፍ ጭነት.ዓይነት == "ሠርገኛ":
                ዋጋ = የሠርገኛ_ዋጋ
            ኤልስ:
                ዋጋ = የቀይ_ዋጋ
            ድምር = ዋጋ * ጭነት.ክብደት
            ኢፍ ጭነት.አባል ኤንድ ጭነት.ብድር > 0:
                ኢፍ ጭነት.ብድር > ድምር:
                    ድምር = 0
                ኤልስ:
                    ድምር = ድምር - ጭነት.ብድር
            ሪተርን ድምር
        ኤልስ:
            ሬይዝ ስህተት("ክብደት የለም")
    ኤልስ:
        ሬይዝ ስህተት("ጭነት የለም")
```

የመጀመሪያው መለኪያ ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲ ይባላል። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከ1 ጀምሩ። ለእያንዳንዱ "ኢፍ"፣ "ኤሊፍ"፣ "ፎር"፣ "ዋይል" እና "ኤክሴፕት" አንድ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ "ኤንድ" እና "ኦር"ም አንድ ጨምሩ። ተራ "ኤልስ" አይቆጠርም፤ የ"ኢፍ"ዋ ሌላኛ ወገን እንጂ አዲስ ውሳኔ አይደለችም።

ከላይ ያለው ላይ አምስት "ኢፍ"፣ ሁለት "ኤሊፍ" እና አንድ "ኤንድ" አለ። ስምንት ሆነ። ከመነሻው 1 ጋር 9።

ይህ 9 በተግባር የሚጠቅመው ለቴስት ነው። ፋንክሽኑ ውስጥ እርስ በርስ የማይተካኩ 9 መንገዶች እንዳሉ ይነግራችኋል። ሁለት ቴስት ጽፋችሁ "ፈትኜዋለሁ" ማለት እንደማትችሉ ከዚህ ቁጥር ታውቃላችሁ።

ደረጃ 3፦ ፕሮጀክቱን በሙሉ ለኩ

የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ይህን ጻፉ፦

```
ራዶን ሲሲ . -ኤስ -ኤ -አይ ቬንቭ,ማይግሬሽንስ
```

"-ኤስ" ቁጥሩን ያሳያል። "-ኤ" አማካዩን መጨረሻ ላይ ያወጣል። "-አይ" የማትፈልጓቸውን ፎልደሮች ያስዘልላል። ይህቺን አትርሷት። "ቬንቭ"ን (ላይብረሪዎቹ የሚጫኑበትን ፎልደር) ካላስዘለላችሁ እናንተ ያልጻፋችሁትን ላይብረሪ ሁሉ ይለካና ውጤቱ የማን እንደሆነ ግራ ያጋባችኋል። በጃንጎ (በፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) የምትሠሩ ከሆነ "ማይግሬሽንስ"ም ጃንጎ ራሱ የጻፈው ነው፤ ዝለሉት።

የሚወጣው መስመር ይህን ይመስላል፦

```
ኤፍ 12:0 ክፍያ_አስላ - ቢ (9)
```

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ፊት ላይ ያለችው "ኤፍ" ውጤት አይደለችም! ፋንክሽን መሆኑን ነው የምትናገረው። "ኤም" ከሆነ ሜተድ፣ "ሲ" ከሆነ ክላስ ነው። 12 የመስመሩ ቁጥር ነው። ውጤቱ ከሰረዟ በኋላ ያለው ነው፦ ቢ፣ ቁጥሩም 9።

የራዶን ደረጃዎች እነዚህ ናቸው፦

- ኤ፦ ከ1 እስከ 5
- ቢ፦ ከ6 እስከ 10
- ሲ፦ ከ11 እስከ 20
- ዲ፦ ከ21 እስከ 30
- ኢ፦ ከ31 እስከ 40
- ኤፍ፦ 41 እና ከዚያ በላይ

መለኪያውን በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቶማስ ማኬብ 10ን ጣሪያ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። እናንተም በ10 ጀምሩ። ችግር ያለባቸውን ብቻ ለማየት "-ኤን ሲ" ብትጨምሩ ሲ እና ከሲ የባሱትን ብቻ ያወጣል።

ፓይተን ካልሆነ ሊዛርድን ተጠቀሙ። "ሊዛርድ" ብላችሁ የፎልደሩን ስም ስጡት። ሳትነኩት ከተዋችሁት የሚያስጠነቅቀው ከ15 በላይ ሲሆን ነው። በትልቁ ፊደል "-ሲ 10" ብላችሁ አውርዱት። ጃቫስክሪፕት ላይ ኢኤስሊንት (የኮድ መፈተሻ) ካላችሁ "ኮምፕሌክሲቲ" የሚባል ሕግ አለው። ሕጉን ስታበሩት መነሻው 20 ስለሆነ እሱንም ወደ 10 ቀንሱት።

ደረጃ 4፦ ጥልቀቱንም ለኩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

የጤፉ ፋንክሽን 9 አግኝቷል። ቢ ነው፤ ከ10 በታች ነው፤ አለፈ። ግን እስቲ መለስ ብላችሁ አንብቡት። ብድሩ የሚቀነስበት መስመር ላይ ስትደርሱ አራት ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሯችሁ መያዝ አለባችሁ፦ ጭነት አለ፣ ክብደቱ ከዜሮ ይበልጣል፣ ሰውየው አባል ነው ብድርም አለበት፣ ብድሩም ከድምሩ አይበልጥም። "ጭነት የለም" የሚለውን ስህተት ከጥያቄው ጋር ለማገናኘት ደግሞ ከታች ወደ ላይ በዓይን መውጣት ያስፈልጋል። አንባቢን የሚያደክመው ይህ ነው፤ ሳይክሎማቲክ ደግሞ ይህን አያየውም። ለእሱ ተከታትለው የተደረደሩ አምስት "ኢፍ"ና አንዱ ሌላው ሆድ ውስጥ የገቡ አምስት "ኢፍ" እኩል ናቸው።

ጥልቀትን የሚቆጥረው መለኪያ ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ ይባላል። ያወጣው ሶናር የተባሉትን የኮድ መፈተሻዎች የሚሠራው ሶናርሶርስ የተባለ ድርጅት ነው። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከ0 ይጀምራል። "ኢፍ" ወይም ሉፕ ሲመጣ 1፣ በተጨማሪም ስንት ደረጃ ውስጥ እንደገባ ይደመርበታል። "ኤሊፍ" እና "ኤልስ" 1 ብቻ ናቸው። የ"ኤንድ" ሰንሰለትም 1 ነው።

በጤፉ ላይ እንቁጠር፦

- "ኢፍ ጭነት" 1፣ ታች ያለችው "ኤልስ" 1። ድምር 2።
- "ኢፍ ክብደት" አንድ ደረጃ ውስጥ ስለሆነ 2፣ "ኤልስ"ዋ 1። ድምር 5።
- "ኢፍ ማኛ" ሁለት ደረጃ ውስጥ ስለሆነ 3፣ ሁለቱ "ኤሊፍ" እና "ኤልስ" 3። ድምር 11።
- "ኢፍ አባል" 3፣ "ኤንድ" 1። ድምር 15።
- "ኢፍ ብድር ከድምር ይበልጣል" ሦስት ደረጃ ውስጥ ስለሆነ 4፣ "ኤልስ"ዋ 1። ድምር 20።

ሶናር መነሻ አድርጎ የሚጠቀመው ጣሪያ 15 ነው። በአንዱ መለኪያ ያለፈው ፋንክሽን በሌላው ወደቀ። ሁለቱንም ለኩ የምለው ለዚህ ነው። ሳይክሎማቲክ ስንት ቴስት እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል፤ ኮግኒቲቭ አንባቢው ምን ያህል እንደሚቸገር።

በመሣሪያ ለመለካት "ኮምፕሌክሲፒ ." በሉ። ቪኤስ ኮድ የምትጠቀሙ ከሆነ የሶናር ኤክስቴንሽንም ጣሪያውን ያለፈውን ፋንክሽን ያሰምርበታል። በመሣሪያዎቹ መካከል የአንድ ሁለት ቁጥር ልዩነት ብታዩ አትጨነቁ። አንዱን ምረጡና በፊትም በኋላም በእሱው ለኩ።

ደረጃ 5፦ የትኛውን እንደምታስቀድሙ ወስኑ

ዝርዝሩ ሲወጣ ሁሉንም ላስተካክል አትበሉ። ጊዜያችሁም አይበቃም፤ አስፈላጊም አይደለም። የተወሳሰበ ሆኖ ማንም የማይነካው ኮድ ብዙ አይጎዳችሁም። የሚጎዳችሁ የተወሳሰበና በየሳምንቱ የምትከፍቱት ነው።

የትኛው ፋይል ብዙ ጊዜ እንደተነካ ጊት ያውቃል። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ጊት ባሽ ውስጥ፣ ሊኑክስ ላይ ተርሚናሉ ውስጥ ይህን ጻፉ፦

```
ጊት ሎግ --ፎርማት= --ኔም-ኦንሊ | ሶርት | ዩኒክ -ሲ | ሶርት -አርኤን | ሄድ
```

"ዩኒክ" የሚጻፈው በአራት ፊደል ነው፤ በዩ፣ ኤን፣ አይ፣ ኪው። ትእዛዙ ፋይሎቹን በተነኩበት ብዛት ደርድሮ የመጀመሪያዎቹን አሥር ያወጣል። ባዶ መስመር ከላይ ቢመጣ ዝለሉት። ይህን ዝርዝርና የራዶንን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም ላይ ከላይ የተገኘው ፋይል የመጀመሪያ ሥራችሁ ነው። ከእሱ ውስጥም አንድ ፋንክሽን ብቻ ምረጡ።

ደረጃ 6፦ ከመንካታችሁ በፊት ቴስት ጻፉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቴስት የሌለው ኮድ ላይ ማቅለል መጀመር እንደዚያ ነው። ያቀለላችሁት ኮድ ገበሬውን በስህተት ቢከፍለው ማንበብ መቅለሉ ማንንም አይጠቅምም።

እዚህ ቴስቱ የሚመልሰው "ኮዱ ትክክል ነው ወይ?" የሚለውን አይደለም። "ኮዱ ዛሬ ምን ያደርጋል?" የሚለውን ነው። ዛሬ የሚያደርገውን እንዳለ መዝግቡ። ለጤፉ ፋንክሽን የሚያስፈልጉት፦

- ጭነት ሳይኖር፤ ክብደቱ ዜሮ ሲሆን
- ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ፣ እያንዳንዳቸው
- ዓይነቱ ከአራቱም ውጪ ሲሆን (ለምሳሌ ጸሐፊው "ሰርገኛ" ብሎ በሌላኛው "ሰ" ሲጽፈው)
- አባል ሆኖ ብድር ሳይኖርበት፤ አባል ሳይሆን ብድር ተመዝግቦበት
- ብድሩ ከድምሩ ሲያንስ፣ እኩል ሲሆን፣ ሲበልጥ

አንዱ እንዲህ ይጻፋል። የነጭ ጤፍ ዋጋ ለቴስቱ ብቻ በኩንታል 10000 ብር ነው ብለናል። "ናሙና" የሙከራ ጭነት የምትሠራ፣ እናንተ የምትጽፏት ትንሽ ረዳት ፋንክሽን ናት።

```
ዴፍ ቴስት_ብድሩ_ከድምሩ_ሲበልጥ():
    ጭነት = ናሙና(ዓይነት="ነጭ", ክብደት=2, አባል=ትሩ, ብድር=50000)
    አሰርት ክፍያ_አስላ(ጭነት) == 0
```

ሦስተኛውን ነጥብ ልብ በሉ። "ሰርገኛ" በሌላኛው "ሰ" ሲጻፍ ኮዱ ዝም ብሎ በቀይ ዋጋ ያሰላል! ስህተት አይልም። ይህ ባግ ነው። ግን አሁን አታስተካክሉት። በወረቀት ጻፉት፣ ለመጋዘኑ ኃላፊ አሳዩት፤ ማስተካከያው ለብቻው ኮሚት ይሆናል። ማቅለልንና ባግ ማስተካከልን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ቴስቱ ሲወድቅ በየትኛው ምክንያት እንደወደቀ አታውቁም።

ደረጃ 7፦ አቅልሉ፣ አንድ በአንድ

ዘዴዎቹ አራት ናቸው። ከእያንዳንዱ በኋላ ፓይቴስትን አስኪዱ፤ አረንጓዴ ከሆነ ኮሚት አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

*ሀ. የማይሆነውን በር ላይ መልሱ።* "ጭነት ካለ እንዲህ አድርግ፣ ከሌለ ስህተት" ከማለት "ጭነት ከሌለ ስህተት" ብላችሁ እዚያው ጨርሱ። የቀረው ኮድ አንድ ደረጃ ወደ ግራ ይመጣል። የወሩን ቀናት ብዛት የሚያወጣ ፋንክሽን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦

```
ዴፍ የወሩ_ቀናት(ዓመት, ወር):
    ኢፍ ወር != 13:
        ሪተርን 30
    ኢፍ ዓመት % 4 == 3:
        ሪተርን 6
    ሪተርን 5
```

"ኤልስ" የለም፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባም የለም። ከላይ ወደ ታች እንደ ጽሑፍ ይነበባል። 2015ን ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው 3 ነው፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። 2016 ላይ ቀሪው 0 ነው፤ 5 ቀን።

*ለ. የ"ኤሊፍ" ሰልፍን በሠንጠረዥ ተኩ።* ዓይነትን ከዋጋ፣ ቁጥርን ከስም የሚያገናኝ የ"ኤሊፍ" ሰልፍ ካያችሁ ዲክሽነሪ ይበቃዋል። የወር ስም የሚያወጣ ፋንክሽን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በ"ኢፍ" እና "ኤሊፍ" ከተጻፈ 13 ውሳኔ አለው፤ ሳይክሎማቲኩ 14 ይሆናል። በዲክሽነሪ 1 ነው። የጤፍ ዋጋም እንደዚያው። ሌላ ጥቅምም አለው፤ ነገ አዲስ ዓይነት ቢመጣ የምትጨምሩት አንድ መስመር ዳታ ነው፤ ሎጂኩን አትነኩም።

ጥንቃቄ፦ ፊት "ኤልስ" የነበረው ሰልፍ ወደ ዲክሽነሪ ሲቀየር ያልታወቀ ቁልፍ ሲመጣ ይፈነዳል። "ጌት" የሚለውን ሜተድ ተጠቅማችሁ የቀድሞውን መነሻ ዋጋ ስጡት። ደረጃ 6 ላይ የጻፋችሁት የ"ሰርገኛ" ቴስት ይህን ይጠብቅላችኋል።

*ሐ. ረጅሙን ጥያቄ ስም ስጡት።* "ጭነት.አባል ኤንድ ጭነት.ብድር > 0" ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው መፍታት አለበት። "የሚቀነስ_ብድር_አለው" ቢባል ግን ያልቃል። ስሙን ከየት ታመጣላችሁ? መጋዘኑ ውስጥ ከሚነገረው። "ጋሼ፣ ይህን ነገር እናንተ ምን ትሉታላችሁ?" ብላችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። የሚሉትን ቃል እንዳለ ኮዱ ውስጥ አስገቡት። በኋላ ሕጉ ሲቀየር እሳቸው በሚናገሩት ቃል ፋይሉ ውስጥ ሰርች አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ።

*መ. ለብቻው የሚቆመውን አውጡ።* ማረጋገጥ አንድ ሥራ ነው፣ ዋጋ ማውጣት ሌላ፣ ብድር መቀነስ ሌላ። እያንዳንዱ የራሱ ፋንክሽን ይሁን።

አራቱም ከተሠሩ በኋላ፦

```
ዴፍ ክፍያ_አስላ(ጭነት):
    ጭነቱን_አረጋግጥ(ጭነት)
    ድምር = ዋጋ_ፈልግ(ጭነት.ዓይነት) * ጭነት.ክብደት
    ሪተርን ብድር_ቀንስ(ድምር, ጭነት)

ዴፍ ጭነቱን_አረጋግጥ(ጭነት):
    ኢፍ ኖት ጭነት:
        ሬይዝ ስህተት("ጭነት የለም")
    ኢፍ ኖት ጭነት.ክብደት > 0:
        ሬይዝ ስህተት("ክብደት የለም")

ዴፍ ዋጋ_ፈልግ(ዓይነት):
    ሪተርን የዋጋ_ሠንጠረዥ.ጌት(ዓይነት, የቀይ_ዋጋ)

ዴፍ ብድር_ቀንስ(ድምር, ጭነት):
    ኢፍ ኖት የሚቀነስ_ብድር_አለው(ጭነት):
        ሪተርን ድምር
    ሪተርን ማክስ(0, ድምር - ጭነት.ብድር)

ዴፍ የሚቀነስ_ብድር_አለው(ጭነት):
    ሪተርን ጭነት.አባል ኤንድ ጭነት.ብድር > 0
```

የላይኛዋን ፋንክሽን ለማንም አንብቡለት፦ ጭነቱን አረጋግጥ፣ ዋጋውን በክብደቱ አባዛ፣ ብድር ቀንስ። ኮድ የማይጽፈው የመጋዘን ኃላፊ ሳይቀር ይከተላታል።

ደረጃ 8፦ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ለሰው አስነብቡ

ሳይክሎማቲኩ አሁን በፋንክሽን 1፣ 3፣ 1፣ 2፣ 2 ነው። ደምሩት፤ እንደገና 9! ይህ ስህተት አይደለም። የሥራው ሕግ አልተቀየረም። ውሳኔዎቹ ከ8 ወደ 4 ወርደዋል፤ ሦስቱ ወደ ሠንጠረዡ፣ አንዱ ወደ "ማክስ" ገቡ። ግን አምስቱም ፋንክሽኖች እያንዳንዳቸው ከ1 ስለሚጀምሩ ድምሩ 9 ሆነ። በአንድ ጊዜ የሚነበበው ትልቁ ግን 3 ሆነ። ኮግኒቲቩ ደግሞ 0፣ 2፣ 0፣ 1፣ 1 ነው፤ ድምሩ 4። ከ20 ወደ 4 የወረደው ጥልቀቱም የ"ኤሊፍ" እና የ"ኤልስ" ሰልፉም ስለጠፉ ነው።

ቁጥሩ ካማረ በኋላ ኮዱን አይቶት ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። አታስረዱት፤ ዝም በሉ። "አባል ያልሆነ ሰው ብድር ተመዝግቦበት ቢመጣ ስንት ይከፈለዋል?" ብላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ኮዱን እያየ ሳይደናቀፍ ከመለሰ ጨርሳችኋል። ከተደናቀፈ የተደናቀፈበትን መስመር አስተውሉ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ስም ነው። ስም ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አይለካውም።

ደረጃ 9፦ እንዳይመለስ ጣሪያ አብጁ

ዛሬ ያቀለላችሁት ኮድ ነገ አንድ "ኢፍ"፣ ከነገ ወዲያ ሌላ "ኢፍ" እየተጨመረበት ይመለሳል። ፓይተን ላይ ፍሌክ8 የተባለውን የኮድ መፈተሻ ጫኑና "ማክስ-ኮምፕሌክሲቲ"ን 10 አድርጉት። ካላበራችሁት በስተቀር ፍሌክ8 ውስብስብነትን አይፈትሽም። ጣሪያውን ያለፈ ፋንክሽን ሲመጣ "ሲ901" ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። ከጊት ጋር በፕሪ-ኮሚት (ከኮሚት በፊት ፍተሻ በሚያስኬድ መሣሪያ) ብታያይዙት ኮሚት ሳታደርጉ ያስቆማችኋል።

አሮጌ ፕሮጀክት ላይ ግን በአንዴ 10 አታድርጉት። መቶ ማስጠንቀቂያ ያየ ሰው ማስጠንቀቂያውን ያጠፋዋል። አሁን ያላችሁ ትልቁ ቁጥር 27 ከሆነ በ27 ጀምሩ። እሱን ስታቀሉ ጣሪያውን ቀጣዩ ትልቅ ላይ አውርዱት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*አማካዩን አይቶ መተኛት።* የራዶን አማካይ ኤ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን 45 ያገኘ አንድ ፋንክሽን ይኖራል። ብዙ ትንንሽ ፋንክሽኖች አማካዩን ያወርዱታል። ሁልጊዜ ትልቁን እዩ።

*ለቁጥሩ ብሎ መቆራረጥ።* 30 መስመሩን ፋንክሽን "ክፍል_1"፣ "ክፍል_2"፣ "ክፍል_3" ብሎ መክፈል ቁጥሩን ያሳምራል፤ አንባቢውን ግን በሦስት ቦታ ያዞረዋል። ስም ልታወጡለት ካልቻላችሁ ለብቻው የሚቆም ሥራ አይደለም። አታውጡት።

*"ኢፍ"ን በአንድ መስመር መደበቅ።* ሦስት "ኢፍ"ን ወደ አንድ ረጅም "ኤንድ" እና "ኦር" መስመር ማጨቅ መስመር ይቀንሳል እንጂ ውስብስብነት አይቀንስም። ራዶንም ይቆጥረዋል።

*ባንዲራ ማሳለፍ።* ሁለት ተመሳሳይ ፋንክሽኖችን አንድ አድርጎ "አባል_ነው=ትሩ" የሚል ፓራሜትር መጨመር። ውስጡ "ኢፍ" ይበዛል፤ የጠሪው መስመርም "ክፍያ(ጭነት, ትሩ, ፎልስ)" እየሆነ ምን እንደሚል አይታወቅም። ሁለት ግልጽ ስም ያላቸው ፋንክሽኖች ይሻላሉ።

*የጓደኛን ኮድ በቁጥር መገምገም።* ቁጥሩ የት እንደሚታይ ይጠቁማል እንጂ ማን ጎበዝ እንደሆነ አይናገርም። የታክስ ወይም የብድር ሕጉ ራሱ ውስብስብ ከሆነ ኮዱም የተወሰነ ውስብስብነት ይኖረዋል። 12 አግኝቶ ጓደኛችሁ ያለ ማብራሪያ ካነበበው ተዉት፤ ለምን እንደተዋችሁት ከላዩ አንድ መስመር ኮሜንት ጻፉና ወደሚቀጥለው ፋንክሽን እለፉ።

*የማስረከቢያ ቀን ዋዜማ ላይ መጀመር።* የመመረቂያ ፕሮጀክት ሊቀርብ ሲል ማቅለል አይጀመርም። ከአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ ከቀራችሁ ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለውን ብቻ ሥሩ። ልኬቱና ቴስቱ ሪፖርታችሁ ውስጥ ይገባሉ፤ ደረጃ 7ን ካስረከባችሁ በኋላ ቀጥሉት።